ሃጂ የገጠሙት ኩሽኔታ

መካነ ሰላም ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ወዲህ እንደ አማቴ ያስቸገረኝ ደንበኛ የለም። አማቴ ሃጂ ናቸው። ከአንድ ቄስ ጓደኛቸው ጋር በሽርክና ሚኒባስ ገዝተዋል፤ ሃጂ ይነዳሉ፣ ቄሱ አጠገባቸው ተቀምጠው አነዳዱን ይተቻሉ፣ ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ በሁለት ሃይማኖት ይጸልያል።

አንድ ክረምት ሁለቱም ጋራዤ መጡ። ፍሬን ሲያዝ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው የኤቢኤሱ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል። ሃጂ በፕላስተር ሸፍነውት ስለነበር መጀመሪያ ፕላስተሩን ላጥኩ። ብልሽት የሚያነበውን ስካነር ስሰካው ከቀኝ የፊት ጎማ ምልክት አይደርሰኝም አለ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቹን በእጄ አሽከረከርኩ። የግራው ሲዞር ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ ይታያል፤ የቀኙ እንደ ልቡ እየዞረም ዜሮ ነው። የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ሞቶ ይሆናል ብዬ የግራና የቀኙን አቀያየርኩ። አሁንም ቀኙ ዜሮ። ሽቦውን ለካሁ፤ ደህና ነው።

እዚህ ጎማ ላይ ሰው ሠርቶ እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ወላሂ፣ የመካኒክ እጅ አልነካውም» አሉ ሃጂ።

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙረው ሳል ያዛቸው።

ሃጂ ወላሂ ካሉ አይዋሹም፣ አመንኳቸው። ቢሆንም የጎማው ኩሽኔታ ወልቆ መታየት አለበትና መኪናዋን ተዉልኝ አልኩ። ከላላ ከተማ ሰርግ አለብን አሉ። ፍሬኑ እንደሚይዝ፣ ጭቃ ላይ አጥብቀው ከረገጡ ግን መሪው እንደማይታዘዛቸው አስረዳኋቸው። ሃጂ ኤቢኤስ ሳይፈጠርም ሰው ከላላ ይደርስ እንደነበር ነግረውኝ ሄዱ።

ለመድረስማ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ላም መንገድ መሃል ቆማ አገኟት። ሃጂ ባላቸው ጉልበት ረገጡ። መኪናዋ ተንሸራትታ ዞረችና አፍንጫዋን ወደ መካነ ሰላም መልሳ የሰው ጤፍ ውስጥ ቆመች። የተጎዳ ሰው የለም። ላሟም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ባለማሳው በክት ልብሳቸው የደመቁ ሃጂና ቄስ ከጤፉ መሃል ሲወጡ ሲያይ፣ ሴት ልጁን ለመጠየቅ ሽማግሌ የተላከበት መስሎት ወደ ቤት አስገባቸው። ሰርጉ ቀረባቸው፤ ሁለቱንም የማያጣላ ሽሮ በልተው ተመለሱ።

በማግስቱ መጡ። ቄሱ ገና ሳይቀመጡ ዘረገፉት። ጎማው ሲጮህባቸው ጊዜ ሃጂ ግቢያቸው ውስጥ አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ ቀጥቅጠው አስገብተው ኖሯል።

«ማቀበል ብቻ ነው የኔ ድርሻ፣ ወላሂ» አሉ ቄሱ። አብሮ ከመዋል ብዛት መሐላውም ተጋብቶባቸዋል።

ሃጂን አየኋቸው። «እና እኔ መካኒክ ነኝ?» አሉኝ። በመሐላቸው በኩል ንጹሕ ነበሩ።

ኩሽኔታውን አወጣሁት። በአንድ ጎኑ ጥቁር የማግኔት ቀለበት አለው። ሴንሰሩ የጎማውን መዞር የሚያውቀው ከሱ ነውና ቀለበቱ ወደ ሴንሰሩ ማየት አለበት። የሃጂ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። እንዲያምኑኝ የብረት ብናኝ ነሰነስኩበት፤ ብናኙ ቀለበቱ ላይ ተሰልፎ ተጣበቀ። ቄሱ አጎንብሰው አዩና ተገልብጦ ነው የገባው አሉ። ሃጂ ገልብጦ ያቀበላቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቄሱ ቀጥቃጩ ዓይን እንዳለው መለሱ። እነሱ ሲከራከሩ እኔ ደሴ ደውዬ ሌላ ኩሽኔታ አዘዝኩ፤ ሲመጣም በመዶሻ ሳይሆን በመግፊያው ማሽን በፕሬስ፣ በትክክለኛው ፊቱ አስገባሁት።

መብራቱ ጠፋ። ለሙከራ ጠጠር መንገድ ላይ ወጣን፣ ሃጂም እንዳልኳቸው በድንገት ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፔዳሉ ግን ከእግራቸው ስር ተንዘረዘረ። ሃጂ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ረገጠችኝ» አሉ።

ኤቢኤሱ ሲሠራ እንደዚያ ነው፣ አትፍሩ አልኳቸው።

«መረገጥ ካማረኝማ በቅሎ እገዛ ነበር» አሉና ሞተሩን አስነሱ።