በሬያችንን ያመመው

ይህ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። የምጽፈው የበሬ መታመም ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። በዚያ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ለእናቴ ያደረገላት ነገር እስካሁን ከልቤ ስላልወጣ ነው።

ከሚሴ ዳር ላይ ከእናቴ ጋር ሰንጋ እናደልባለን። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴን ጠዋት ከመኝታዋ የሚያስነሳት ይኸው ከብት ነው። በተለይ ዳልቻ የምንለው በሬ ገና ጥጃ ሳለ እናቱ ስለሞተችበት ወተት እየጋተች ያሳደገችው እሷ ናት። እኔን እንኳ እንደዚያ አቀማጥላ ማሳደጓን እጠራጠራለሁ።

እናቴ አንድ ክፉ አመል አላት። የሰው ጥፋት ቶሎ ትረሳለች፤ የራሷን ግን በፍጹም። አንድ ጊዜ እሷ ያሰረቻት ፍየል በገመዱ ታንቃ ሞተችባት። ከዚያ ወዲያ ፍየል የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም።

ያን ሰሞን የከብት ማድለብ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ጭዱን ዩሪያ በሟሟበት ውሃ አርሰን፣ ጉድጓድ ውስጥ አፍነን ካቆየን በኋላ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር እንድንሰጥ አስተማሩን። ዩሪያ ያው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ነጭ ማዳበሪያ ነው። በልኩ ከሆነ ጭዱ ከብቱን ቶሎ ያፋፋዋል፤ ከበዛ ግን መርዝ ነው። የተረፈኝን ዩሪያ በባልዲ ከድኜ በረቱ ውስጥ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።

አንድ ጠዋት ከወደ ባቲ የመጣ የከብት ነጋዴ ገበያ ላይ አገኘሁ። ለእንቁጣጣሽ ሰንጋ ይፈልግ ነበርና ዳልቻን ላሳየው ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ።

ግቢ ስንደርስ ዳልቻ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል። እናቴ አንገቱን አቅፋ "ያ ረቢ! ምን ነካብኝ!" እያለች ታለቅሳለች። ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ቢላ ይዘው ደርሰዋል። ሳይታረድ የሞተ ከብት ሥጋው ሐራም ስለሆነ፣ በኛ ዘንድ በሬ ሲወድቅ ከሐኪም በፊት የሚጠራው ቢላ ነው።

"ነፍሱ ስትወጣ ቆመን ልናይ ነው? በሕይወቱ ሳለ እንረደው እንጂ!" አሉኝ።

ነጋዴው የበሬውን ትንፋሽ አሸተተ። ወደ ገንዳው ጎንበስ ብሎ ነጫጭ ፍሬዎች ለቀመና መዳፉን አሳየኝ። ቀና ስል የሰቀልኩት ባልዲ ወርዶ፣ ክዳኑ ተከፍቷል።

"እማ፣ ምን ሰጠሽው?"

"ምን እሰጠዋለሁ፣ ፉርሽካውን ጨው ነስንሼ ነዋ።"

ጨው መስሏት የነሰነሰችው ዩሪያውን ነው። ነጋዴው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አቼቶ አምጣ፣ ያገኘኸውን ሁሉ። ሩጥ!" አለኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሮ "ቢላዎን ይያዙት ጋሼ፤ ግን ትንሽ ይታገሱኝ" አላቸው።

በባጃጅ እየከነፍኩ አስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች አቼቶ ሰበሰብኩ። አንዱ ባለሱቅ "ሠርግ ደግሳችኋል እንዴ?" ይለኛል! መንገድ ላይ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ። ጨፋ ሮቢት ነበር። ስለ አቼቶው ስነግረው "ልክ ነው፤ የዩሪያን መርዝ የሚሰብረው ኮምጣጣ ነው። ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በቶሎ ስጡት፣ እኔም መጣሁ" አለኝ።

ነጋዴው የበሬውን አፍ ይዞ፣ እኔ በሃይላንድ ቀስ እያልኩ ጋትነው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ቢላቸውን ጨብጠው የበሬውን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። በመጨረሻ ዳልቻ ግቢውን የሚያናውጥ ግሳት አገሳ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መንቀጥቀጡም እየቀነሰ ሄደ።

እናቴ ግን አሁን ዓይኗ እኛ ላይ ነው። "ጨው አብዝቼበት ይሆን? እኔ ነኝ እንዴ?" አለች።

ፍየሏ ትዝ አለችኝ። ዳልቻን እሷ ራሷ ልትገድለው እንደነበር ካወቀች በረት መግባቷም አበቃ፤ ያ ከቀረ ደግሞ ምን ይቀራታል?

ነጋዴው ቀደመኝ። "ሀደ ኮ" አላት፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። "ጨው መቼ በሬ ጥሎ ያውቃል! የነፋው ርጥብ ሳር ነው። በክረምት ስንቱን አይቻለሁ። አብሽሪ!"

"ሳሩ ነው?" አለች እኔን እያየች።

"ሳሩ ነው እማ።"

ጋሽ እንድሪስም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ቢላቸውን ወደ አፎቱ እየመለሱ "የዘንድሮ ሳር እንደሆነ ጤና የለውም" አሉ።

ሐኪሙ መጥቶ በሬውን ካየልን በኋላ ነጋዴውን ልሸኘው ወጣሁ። በፈለገው ዋጋ እንዲወስደው ለመንኩት። "ከደነገጠ ሰው ከብት አልገዛም" አለኝ። ለምን እንደዋሸላት ጠየቅኩት።

"እኛም ቤት እንዲሁ ሆኖ በሬው ሞተብን። የሰጠችው ባለቤቴ ነበረች። እውነቱን ነገርኳት። እስከ ዛሬ በረት አትገባም።"

ዛሬ ዩሪያው ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት በረት ትገባለች፤ ከከብቶቹ ጋር ታወራለች፣ ትቆጣቸዋለች። አንድ ነገር ብቻ በኔ ላይ መጣ። የርጥብ ሳር ዘር ግቢያችን እንዳይገባ ከልክላለች። ጨፋ በሙሉ ለምልሞ የኛ ሰንጋዎች ደረቅ ጭድ ሲያኝኩ ያየ ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ። ያንን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደስ እያለኝ ጭድ እገዛለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። የምታውቋት የከሚሴ ሰዎች ግን ይህን ካያችሁ አደራ፤ ከጠየቀቻችሁ ሳሩ ነው በሏት።