በጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ያነሳሁት እጅ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ብዙ መናገር አልችልበትም፤ ግን ለአንዲት ጥርሴ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀመጥ ልቤ አያርፍም።

በቀኝ በኩል የቀረችኝ ማኘኪያ ጥርስ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹን አገር ቤት እያለሁ ተነቅያለሁ። እሷም ስትጠዘጥዘኝ በቅርንፉድ ሳስታግሳት ቆየሁ። ጉንጬ ሲያብጥ ግን ልጄ ሐና "እማ፣ በቃ! ቀጠሮ ቡክ አድርጌልሻለሁ" ብላ ኪልበርን ሰፈር ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐና እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው። ቸርች መምጣት ከተወች ቆይታለች። ክሊኒኩ በር ላይ "ስትጸልዪ ድምፅ አታሰሚ፣ ፕሊስ" አለችኝ።

ሐኪሟ የጥርሴን ሥር ከፍታ ልታጸዳ አደነዘዘችኝ፤ አፌንም በላስቲክ ሸፈነችው። ሐና "መናገር ስለማትችዪ፣ ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው ታቆማለች" ብላ ተረጎመችልኝ።

ወገኖቼ፣ ፈርቼ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ጌታን ጠራሁት። ሰላሙ መጣ! ሕመም የለ፣ ፍርሃት የለ። ታውቁኝ የለ፣ ደስ ሲለኝ እጄ አያርፍም። ግራ እጄ ብድግ አለ!

ሐኪሟ ወዲያው መሣሪያዋን ከአፌ አወጣች። "እማ፣ አመመሽ?" ስትለኝ አይ ብዬ ራሴን ወዘወዝኩ። "ታዲያ እጅሽ ምን ሆነ?"

ሐኪሟ ግን ካቆምኩ አይቀር ብላ ኤክስሬይ አነሳች። አየችው። ከዚያ ምንም ሳትደብቅ ነገረችን፦ "ሥሩ ጠማማ ነው። መስመሩን ስቼ ጎኑን እየቦረቦርኩ ነበር። ጥቂት ብገፋ ኖሮ እበሳውና ጥርሱን ታጪው ነበር። ይቅርታ።" መድኃኒት አድርጋ ለጊዜው ደፈነችው፤ በማይክሮስኮፕ ወደሚሠራ ስፔሻሊስት ላከችኝ። እሱ ትክክለኛውን መስመር አግኝቶ ጨረሰው። ሃሌ ሉያ! ዛሬ በቀኝ በኩል ጥብስ አኝካለሁ!

እጄን ያነሳሁ ቀን ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ሐና ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሳያምሽ ለምን አነሳሽው?"

"ጌታን ላመሰግን ነዋ።"

"እጅሽ ባይነሳ ኖሮ..." አልጨረሰችውም።

ዛሬ ጠዋት ግን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ያቻት፣ ከኋላ ተቀምጣለች። አትዙሩ፣ ታፍራለች! ክብር ለስሙ ይሁን!

የሚያማችሁ ካላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጌታ እዚያም አለ። ታመኑት። አሁን ያመማችሁም፣ ደስ ያላችሁም፣ እጃችሁን አንሱ። ሁለቱንም ያያል።