ተዘቅዝቆ የተሰቀለው ሥዕል

ለነፍስ አባቴ እንኳ አውጥቼ የማላውቀውን ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። የልጄ ሥዕል ተዘቅዝቆ እንዲሰቀል ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሥዕል መምህሩ አይደሉም። እኔ ነኝ።

ልጄ ስንዱ ያኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ አሥረኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለወላጆች ቀን ሥዕል ሣለች፤ ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ነጭ፤ ከላይ ጠርዙ ላይ ብቻ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ተጋድማለች። ሌላ ሰው ቢያየው ገና አላለቀም ይላል። እኔ ግን እንዳየሁት አወቅሁት። ነጭ ነጠላ ነው፣ ጥለቱ ወደ ላይ። እኛ እንዲህ የምንለብሰው ለለቅሶ ነው።

ምን ፈራሁ? ታላቅ ወንድሟ ለሥራ ቆላ ወርዶ ነበር፤ ሥዕሉ ሞት የሚጠራበት መሰለኝ። እሷ ልብሷን ስትቀይር የመስቀያውን ገመድ ፈትቼ በታችኛው ጠርዝ አሰርኩት። ከዚያ ይዤው ቀድሜያት ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

መምህሩ ገመዱን አይተው ሰቀሉት። "ከታች የታረሰ መሬት፣ ከላይ ሰማይ ነው" ብለው ለእንግዶቹ አስረዱ። ተጨበጨበ። ስንዱ ግን ዘግይታ ስትገባ ጮኸች።

"ቲቸር፣ ዘቅዝቀውታል እኮ!"

"የቱ ነው ራሱ? የቱ ነው እግሩ?" አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

እኔስ ምን አልኩ? "ተይ አንቺ! መምህርሽን አታሳፍሪ!" አልኩ። እኔ፣ ገመዱን የፈታሁት!

መምህሩ በተማሪዎቻቸው ፊት ይቅርታ ጠየቋት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ቤት ስንገባ፣ "እማ፣ ለአባባ የለበስሽው ነጠላ ነበር እኮ" አለችኝ።

"ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው፣ ሥዕል በምን አውቄ?" አልኳት። አለመማሬን መደበቂያ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቿን ለሕፃን እንደሚያስረዱ ታስረዳኛለች፤ እኔም ገና እንደገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ወንድሟም በሰላም ተመለሰ፤ እሷም ሠዓሊ ሆነች። ባለፈው ባሕር ዳር ሥዕሏን ስታሳይ ወስዳኝ ነበር። አንድ ቢጫ ክብ አለ፣ መሐሉ ባዶ። አንዱ ፀሐይ ነው ይላል፣ አንዱ እንቁላል ነው ይላል። እኔ ገና ከበሩ ላይ አወቅሁት፤ እህሉ የተነሣበት አውድማችን ነው። ማን አስተማረኝ? ማንም። እንዴት እንደኮራሁ! በእሷም፣ በዓይኔም። ልናገር አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። ይኼን ካወቅሁ ያንንም አውቄ ነበር ማለት ነው።

ስንዱ፣ ሥዕልሽን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያነበብኩ እኔ ነኝ፤ በዚህ እስክሞት እኮራለሁ። መምህርሽን በእግሬ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ለአንቺ ግን "ፈርቼ ነው" አልልሽም። ገመዱን የፈታው ፍርሃት ይሁን። ይኼን ሁሉ ዓመት "አልገባኝም" ስልሽ የኖርኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ።