ቦራ ትንፋሹ እስኪረጋ

ልጅ እያለሁ አባቴ በየቅዳሜው ወፍጮ ቤት ይወስደኝና እህል መመዘኛው ላይ ያቆመኝ ነበር። ለጤናዬ አስቦ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ሰሞን የፈረሳችን ጭነት እኔ ስለነበርኩ ነው። የትኩስ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ይበላኝና ላስነጥስ ስል፣ "አትነቃነቂ፣ ኪሎው ይሳሳታል" ይለኛል። ሃያ አራት ኪሎ ነበርኩ። ዛሬ ስንት እንደሆንኩ አትጠይቁኝ።

አባቴ አዳማ ውስጥ ባለጋሪ ነበር። በዚያ ዓመት ከጋሪ ወድቆ እግሩ ተሰበረና አራት ወር ሙሉ ተኛ። ፈረሱም አብሮት አራት ወር ጓሮ ታስሮ ቆመ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ነበር የምንለው። እናቴ ፉርሽካም ድርቆሽም አላጓደለችበትም፤ ሆዱ ተነፍቶ ጭኑ ግን ሟሽሾ ነበር። አባቴ ምርኩዝ ይዞ በተነሳ በሳምንቱ፣ ማንንም ሳያማክር ጋሪውን ጠምዶ ሽንኩርት ጫነበት። ቦራ መስጊዱ ጋ ያለችውን ዳገት ሳያጋምስ በጉልበቱ ወደቀ። ሰው ተረባርቦ ከጋሪው ፈታው። ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ዋናው መንገድ ድረስ ወርዶ፣ የሰፈር ልጆች ሲለቅሙ እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ።

አባቴ ቤት ገብቶ ምሳውን ሳይነካ፣ "አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቀ ይለቀቃል" አለ።

በኛ ሰፈር ፈረስ ተለቀቀ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። የማይሠራውን ፈረስ ከከተማው ያስወጡትና ወንጂ መንገድ ዳር ልጓሙን አውልቀው ትተውት ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደዚያ የተተወ ነጭ ፈረስ አይቻለሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር አብሮ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ይራመድና ይቆማል። በነጋታው ቦታው ባዶ ነበር። ጅብ እንደበላው ሁላችንም እናውቃለን፤ የተናገረ ግን የለም።

ቦራን ያተረፉት ኦቦ ገመዳ ናቸው። አርሲ ውስጥ በፈረስ ላይ ያደጉ፣ አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ነበሩ። መጥተው የቦራን ጭን ዳበሱና፣ "አርባ ቀን ስጠኝ" አሉት አባቴን። "አንተ ራስህ በምርኩዝ እየሄድክ እሱን እንዴት ሩጥ ትለዋለህ? ሱታ፣ ሱታ።" ቀስ በል ማለታቸው ነው። አባቴ ለማንም የማይበገር ሰው ሆኖ ሳለ እሳቸው ፊት አንገቱን ደፋ።

መጀመሪያ ያለ ምንም ጭነት መሄድ ነበር። አባቴ እያነከሰ፣ ቦራ አንገቱን ደፍቶ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ አሸዋማውን መንገድ ደርሰው ይመለሳሉ። ከዚያ ጠፍሩን ብቻ አስሮ፣ ቀጥሎ ባዶ ጋሪ፣ ቀጥሎ እኔ። እኔን የመረጡኝ "ውረጂ" ሲሉኝ ቶሎ ስለምወርድ ነው። እኔን ከለመደ በኋላ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተጨመረ፤ ውኃ ጥሩ ጭነት ነው፣ ሲከብደው ይደፋለታል።

ጭነት ለመጨመር ግን ደንብ ነበረው። ዳገቱ አናት ላይ ጋሪው ይቆማል። ኦቦ ገመዳ መዳፋቸውን የቦራ ጎን ላይ አድርገው ፋቲሃ ይቀራሉ። ጨርሰው ትንፋሹ ካልረጋ ለነገ ምንም አይጨመርም። በአርባው ቀን መሃል እሳቸው አዳሚ ቱሉ ለቅሶ ሄዱ። አባቴ ልጓሙን ይዞ ፊት ለፊት መቆም ስላለበት ጎኑን መያዝ ለእኔ ደረሰ። እኛ ክርስቲያን ስለሆንን በአቡነ ዘበሰማያት እንድለካ ነገረኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አቡነ ዘበሰማያትን ጨረስኩ፤ የቦራ ጎን ግን እጄን እየገፋ ይወጣል ይወርዳል። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጠብቃል። ጭንቅ አለኝ። አልረጋም ካልኩ ፈረሱ አይረባም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል አልኩ በልጅ አእምሮዬ። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨመርኩበት። አሁንም አልረጋም። እንደገና ከአቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፣ ያውም በዝግታ።

"እህ?" አለኝ አባቴ።

"ረግቷል አባዬ።"

ፈገግ አለ። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበርና ደስታው ለእኔም ተረፈኝ። በነጋታው ሁለተኛ ጀሪካን ጨመረ። እኔም ጸሎቱን ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን አራት ጀሪካን ሆነ።

ዳገቱ መሃል ላይ ስንደርስ የቦራ አንገት በአረፋ ተሸፍኖ ነበር። ጋሪው ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። የፊት ጉልበቱ ሲታጠፍ ከላይ ሆኜ አየሁት። አባቴ "ውረጂ!" ብሎ ጮኸ፤ እኔ ግን ከመውረዴ በፊት ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በእግሬ ገፋኋቸው። ሁለቱ ፈነዱ። ቦራ አፈሩ ላይ አንድ ጉልበቱን አሳርፎ፣ አባቴ ምርኩዙን ጥሎ በትከሻው ደግፎት፣ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ቆሙ።

ቦራ እንደምንም ተነሳ። አባቴ ከጋሪው ፈታውና ልጓሙን ይዞ ወደ ታች መራው። ወደ ቤት የሚታጠፈው በግራ ነው። እሱ ቀጥታ ሄደ። ቀጥታው ወንጂ መንገድ ነው።

ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። "እኔ ነኝ የዋሸሁህ" አልኩት። "ትንፋሹ አንድም ቀን አልረጋም። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን እየጨመርኩ ነው።" እንባዬና ንፍጤ አንድ ላይ ይወርዳል። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳይመታኝ ሲቀር ስከፍት፣ የቦራ ጎን ላይ እጁን አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ረጋ።

"እንግዲህ ከባዶ ጋሪ ነው የምንጀምረው" አለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የምትለኪው ጮክ ብለሽ ነው።"

ኦቦ ገመዳ ሲመለሱ ሰሙና እየሳቁ ሌላ አርባ ቀን ጨመሩ። ቦራ ከዚያ በኋላ አልወደቀም። ሽንኩርትም ሰውም ሲያመላልስ እኔ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ።

ዛሬ ያቺ ዳገት አስፋልት ናት፣ ባጃጅ በአንድ ትንፋሽ ይወጣታል። አባቴ አርጅቷል፤ እሁድ እሁድ እኔ ቤት ምሳ ይበላል። ስለ ቦራ ብዙ እናወራለን፣ ስለ ጀሪካኖቹ እስኪያስለን እንስቃለን። ቦራ ባረጀ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ከፈተና ስመለስ ጓሮው ባዶ ነበር። አባቴ "ለገበሬ ሰጠሁት፣ ሣር ያለበት አገር ነው" አለኝ፤ እናቴ ወጥ ማማሰሏን አላቆመችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ፊቱ ቆሜ እውነቱን ነግሬው ነበር። አሁን ልጆች አሳድጌ፣ ከጎኑ ተቀምጬ፣ የትኛው ገበሬ ብዬ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ። እሱም ለገበሬው ስም አውጥቶለት አያውቅም። ወጥ እጨምርለታለሁ፣ ይበላል።