እስኪረጋ

ታላቅ ወንድሜ ሶላር ገጣሚ ነው። ሰፈርተኛው «ቆጣሪው» ይለዋል፤ በመሣሪያ ያልለካውን ነገር አያምንማ። እማዬ አተኮሰኝ ስትለው እንኳ ግንባሯን ሳይነካ ቴርሞሜትር ፍለጋ ይሮጣል። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሽቦ ነኝ እንዴ?» ትለው ነበር።

የእማዬ ሳንባ ሲደክም ሐኪሞቹ የኦክስጅን ማሽን አዘዙላት። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ ወንድሜ ስድስት ሶላር ፓኔሎች ገዛ። የለመዳቸውን ወፍራሞቹን ሳይሆን በቅርቡ የመጡትን ስሶቹን፣ ጥቁሮቹን። ሻጩ «እነዚህ ሙቀትና ደመና ብዙም አይበግራቸውም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይረጋሉ» አለው። አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ወንድሜ «ይረጋሉ» የምትለዋን ቃል እንደ ምርቃት ተቀበላት።

አራቱን ጣሪያ ላይ ገጥሞ ሲለካቸው ከተጻፈባቸው በላይ ኃይል ሰጡ። «ፋብሪካው ራሱ አሳንሶ ነው የጻፈው!» ብሎ ሳቀ። አራቱ ከበቁን ብሎ ሁለቱን ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠው። እማዬም ደግ ልጅ ወለድኩ ብላ መረቀችው።

ወራት ሲያልፉ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ይደክም ጀመር። ወንድሜ የፓኔሎቹን አቧራ ጠረገ፣ ሽቦ ቀየረ፣ ባትሪውን ሰደበ። ፓኔሎቹን ግን አልጠረጠረም፤ በገዛ እጁ ለክቷቸዋላ! ሰማዩ ጠቁሮ፣ መብራትም ጠፍቶ በሰነበተበት ሰሞን ግራ ሲገባው ወደ ሻጩ ሄደ።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለው ሻጩ። «አዲስ ሲሆኑ ከልክ በላይ ይሰጣሉ። ጥቂት ወራት ፀሐይ ሲመታቸው ኃይላቸው ቀንሶ እዚያው ላይ ይረጋሉ። የተጻፈባቸው ከረጉ በኋላ የሚሰጡት ነው።»

ሻጩን ዛሬም ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ደግሞ አልዋሸም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ወንድሜ ሲመለስ ባትሪው አልቆ ማሽኑ ይጮህ ነበር። ሐኪም ቤት ልወስዳት ታክሲ ጠርቼ አልመጣ ብሎኛል። እሱ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ በረረ። ሰውየው ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ተላጭቶ እንደተቀመጠ ትቶት ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሁለቱን ፓኔሎች ነቃቅለው አመጡ። እኔ የእማዬን እጅ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ወንድምሽ የት ሄደ?»

«ጣሪያ ላይ ነው እማዬ፣ እየገጠመ ነው። መጣሁ ብሏል።»

«ይውረድ በይው... ዝናብ ነው፣ ያዳልጠዋል።»

ሌላ ቃል አልወጣትም። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ የሚተነፍስበት ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከላይ «ሠራ ወይ?» እያለ ይጮሃል።

አሁን ስድስቱም ጣሪያችን ላይ ናቸው። ማሽኑን ለሐኪም ቤቱ መልሰናል፤ ኃይሉን የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ባትሪው ገና በጠዋቱ ይሞላል። ወንድሜ በየቀኑ ወጥቶ ይለካና ይወርዳል።

«ሞልቷል» ይለኛል።