ደሙ ደህና ነው ከተባለ በኋላ

የታመመ ልጅ የደም ምርመራ ውጤት «ደህና ነው» ሲባል ሰምታችሁ፣ ዕቃችሁን ሸክፋችሁ ወደ ቤት ለመሄድ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁ? ታላቅ እህቴ ተነሥታ ነበር።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ በሳንባ ምች ታሞ ካዛንቺስ አካባቢ ካለ ሆስፒታል ተኝቷል። ተማሪዎቼን እንደሸኘሁ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ስገባ ፔርሙሱን ፌስታል ውስጥ እየከተተች ነው።

«ወዴት ነው?»

«ቤት ነዋ! ደሙ ደህና ነው ተብሏል። እዚህ ሌላ በሽታ ከሚይዝብኝ ቡልጋሪያ ሰፈር ቤቴ ወስጄ ላስተኛው።»

«ዶክተሯ ውጡ አለች?»

«ቲቸር ደግሞ ጀመረ! በቃ፣ ደም ይዋሻል?»

ጥያቄ ሳይመለስ ማለፍ አልችልበትም። ወጥቼ ዶክተሯን ጠየቅኳት።

«የደም ምርመራው ይጠቅመናል» አለች። «ደም ማነስ ካለበት እናይበታለን፤ ሌላም ፍንጭ ይሰጠናል። ብቻውን ግን የሳንባ ምች የለም አያሰኝም። የሕመሙን ክብደት ይበልጥ የምናውቀው ከአተነፋፈሱ ነው፤ አየር ሲስብ ደረቱ ገና ስርጉድ ይላል። አሁን አይወጣም።»

ተመለስኩ። ልጁ እንደ ልማዳችን ብርድ እንዳይመታው ሹራብ በሹራብ ተደርቦ፣ በላዩ ጋቢ ተጠቅልሏል። የሚታየው አፍንጫውና የኦክስጅኑ ቱቦ ብቻ ነው።

«ግለጪው።»

«ብርድ ልታስመታብኝ!»

«ለአፍታ ብቻ። አይተሽ ካልተስማማሽ ዕቃሽን እኔው እሸከማለሁ።»

እያጉረመረመች ገለጠችው። አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል።

«ይኸውልሽ፣ ሳንባው እየታገለ ነው። ወረቀቱ ይህን አያሳይም።»

እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

«እንዲህ እየሆነ ነው አቅፌው የዋልኩት?» አለች። ከዚያ ፔርሙሱን ከፌስታሉ አውጥታ መስኮቱ ጋ አስቀመጠች። «ሂድ፣ ዳቦ ግዛልኝ። እዚሁ ነን።»

ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ የምትቀበለኝ ጋቢውን ገልጣ ነበር። «ና እይ፣ ዛሬ ይሻላል» ትለኛለች። ደረቱ ረጋ ብሎ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ዶክተሯ መርምራው ወደ ቤት ሸኘቻቸው።

እናንተም ሞክሩት። ልጃችሁ ጤነኛ ሳለ፣ ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አተነፋፈሱን እዩ፤ ደህናውን ያላወቀ የታመመውን አይለይም። አንድ ቀን ሲያስለው ደረቱ ስርጉድ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የደም ውጤት ሲሰጣችሁም «ይህ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?» ብላችሁ ጠይቁ።