በር መዝጋት ኩርፊያ የሆነበት ቤት

እህቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ እሷ ትተኛለች፤ ወይም ለመተኛት ትሞክራለች። ታላቄ ስለሆነች እቴቴ ነው የምላት። ባሏ አናጢ ነው፤ ያውም እንደው ተራ አናጢ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳ ውስጥ ገብተው የሚሰወሩ ተንሸራታች በሮችን በመሥራት አገር ያወቀው ሰው ነው። ጠባብ ቤት ያለው ሁሉ እሱን ይጠራል። እሱም ግድግዳውን ያፈርስና በምትኩ በር ያስገባል፤ ሲከፈት ቤቱ አንድ አዳራሽ፣ ሲዘጋ ሦስት ክፍል ይሆናል።

የራሱንም ቤት እንዲሁ አደረገው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን አፓርታማ ከጓዳ እስከ መኝታ ቤት ወለል አድርጎ ከፈታት። ለደንበኞቹ ናሙና የሚያሳይበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ሥራው ግሩም ነው፣ መካድ አልችልም። በሮቹ በአንድ ጣት ይገፋሉ፣ ድምፅ የላቸውም፣ እጀታ እንኳ የላቸውም፤ ጣት የምታስገባ ትንሽ ጎድጓዳ ብቻ ናት ያለቻቸው። ቁልፍማ አይታሰብም። «ሌባ ከጓዳ አይመጣ፣ ምን ያደርጋል?» ይላል።

ይከፈታል ይዘጋል የተባለው ቤት ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ምክንያቱ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ክፉ የማስብባቸው እንዳይመስል። ለእሳቸው ግን በር መዝጋት ማለት ማኩረፍ ማለት ነው። እቴቴ ከሥራ መጥታ የመኝታ ቤቱን በር ስትስበው፣ ብዙም ሳይቆይ በሩ ቀስ ብሎ ይንሸራተትና የአማቷ ፊት ብቅ ይላል።

«ምነው ልጄ፣ ተቀየምሽን?»

«ኧረ እማማ፣ እንቅልፌ መጥቶ ነው።»

«እንግዲያማ ተኚ፣ ተኚ» ይሉና በሩን እንደተከፈተ ትተውት ይሄዳሉ።

ከዚያ ደንበኞች ይመጣሉ። አናጢው «ባለቤቴ ናት፣ ተኝታለች፣ ግቡ ግድ የለም» እያለ በሹክሹክታ ያስገባቸዋል። እነሱም እግርጌዋ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርገው በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ያደንቃሉ። አንድ ቀን አንዷ ሴትዮ ጭራሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ቀለም ምርጫ አማከረቻት። እቴቴም እንደተጋደመች መለሰችላት። እኔ ብሆን እንዴት አድርጌ እንደምሸኛት አውቅ ነበር! እሷ ግን ይሉኝታ የፈጠራት ሰው ናት።

እየቆየ እንቅልፍ ማጣቱ ሰውነቷን ጨረሰው። ቆማ ማንቀላፋት ጀመረች። ሥራ ላይ ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መድኃኒት ልታውጥ ስትል፣ በሽተኛው ራሱ «እህቴ፣ የኔ ክኒን ነጭ አልነበረም እንዴ?» ብሎ አዳናት።

«ሰው ልገድል ነው» አለችኝ። «የሚዘጋ በር ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በኔ ጉትጎታ ለባሏ ነገረችው። ክፉ ሰው ስላልሆነ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። «የአናጢ ሚስት ሆነሽ በር ቸገረሽ?» አላት። ቅዳሜ ሥራ ስለማይገባ ከውስጥ የሚያዝ መቀርቀሪያ ሊገጥምላት ቃል ገባ። እቴቴ ያን ሳምንት ልብስ እንደሚገዛላት ልጅ ቅዳሜን ስትጠብቅ ሰነበተች።

ሐሙስ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ልጠይቃት ስሄድ፣ እማማ ከመኝታ ቤቱ በር ጋር ሲታገሉ ደረስኩ። የሕንፃው ጥበቃም አብሯቸው ይጎትታል። በሩ አራት ጣት ያህል ይከፈትና ቀጥ ይላል። እቴቴ ውስጥ ናት።

«ኧረ ልጄ ታፍና ልትሞትብኝ ነው!» ይላሉ እማማ።

ለአናጢው ደወልንለት። ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነበር። «እንዳትታገሉት፣ ሐዲዱን ይስታል፤ እስክመጣ ጠብቁ» አለን። እማማ ውኃ ሊያመጡ ዘወር ሲሉ አፌን ወደ ክፍተቱ አስጠግቼ «እቴቴ፣ ደህና ነሽ?» አልኳት።

አንድ ዐይን መጣ። የሚስቅ ዐይን።

«አይከፈትም አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይከፈትም።»

«በጣም ጥሩ። እንዳታስቸኩሉት።»

ተመልሳ ተኛች። በክፍተቱ አጮልቄ ሳያት እጅና እግሯን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ካገባች ወዲህ ስታንኮራፋ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ደንበኞች መጡ፣ ከደጅ መለስኳቸው። ትንሿ ልጇ ከትምህርት ቤት መጥታ እጇን በክፍተቱ አስገብታ «እማዬ» ብትላት አልሰማቻትም። እማማ ወንበር ስበው በሩ ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«ተኝታ እኮ ነው እማማ።»

«ራሷን ስታ ይሆናል እንጂ! ሰው ተዘግቶበት እንዴት ይተኛል?»

አመሻሹ ላይ አናጢው ደረሰ። በሩን አልነካውም። ከበሩ ጎን ያለውን ግድግዳ አንዴ አየና ራሱን ያዘ። እዚያ ላይ እቴቴ የተመረቀች ዕለት ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ተሰቅሏል። ጠዋት እሱ ሲወጣ አልነበረም።

«እማዬ፣ ይህን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ። እንግዳው ሁሉ ምራቴን እንዲያይልኝ ብዬ። ተኝታ ስለነበር በሩን ሳልከፍት ቀስ እያልኩ ነው የመታሁት።»

ያ ግድግዳ ከላይ ሲያዩት ግድግዳ ነው እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚገባው እዚያ ነው። እማማ ደግሞ ፎቶው እንዳይወድቅ ረጅሙን ምስማር መርጠው፣ ባዶውን አልፎ ወዲያ ማዶ እስኪነክስ ድረስ መትተውታል። በሩ ልግባ ሲል ምስማሩ ይገታዋል። አናጢው ፎቶውን አወረደ፣ ምስማሩን በጉጠት ነቀለ፤ በሩም እንደ ልማዱ ያለ ድምፅ ተከፈተ።

እማማ ገብተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። «በገዛ እጄ ዘጋሁብሽ! በገዛ እጄ!» ጎረቤቱም ሁሉ ተሰብስቧል። አናጢው ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «ፈራሽ?» አላት።

የእቴቴ ጉንጭ ላይ የትራሱ ምልክት ይታያል። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ደም መስሏል። እውነቱን ብትናገር ምን ልትል ነው? ከእናንተ ተለይቼ መዋሌ ደስ አለኝ? በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት፣ አሮጊቷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥለው እያለቀሱ? እማማን አየች፣ እኔን አየች።

«በጣም ፈራሁ» አለች።

ልቆነጥጣት ምንም አልቀረኝ። ባሏ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ቅዳሜ መቀርቀሪያውን ለማየት ሄድኩ። መቀርቀሪያ የለም። በርም የለም። አናጢው ሐዲዱን ፈቶ፣ በሩን አውጥቶ፣ ያንን ባዶ ግድግዳ ጭምር አፍርሶ ጠራርጎታል። ከምድጃው አጠገብ ቆሞ አልጋውን ማየት ይቻላል። ላቡን እየጠረገ «ከእንግዲህ ማንም ምንም አይዘጋብሽም» አላት። ይወዳታል እኮ።

«ተባረክ» አለችው እቴቴ።

የሚቆለፍ በር ያለው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ እጇን ይዤ እዚያ ጎትቼ አስገባኋት።

«ንገሪው እንጂ! አፍ የለሽም?»

«ምን ብዬ? ዋሽቼ ነው ልበል? እማማ እኮ ከሐሙስ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። እሱንም አየሽው አይደል፣ እንዴት እንደደከመ?» አለችና ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ተይው በቃ። አለፈ።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። «ደህና ናችሁ ልጆቼ? ምነው ዘጋችሁ?»

ወጣን። ማታ ተረኛ ስለነበረች አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። እማማ ወንበር አምጥተው ራስጌዋ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«ተኚ ልጄ። ሁለተኛ ብቻሽን አልተውሽም። እስክትነሺ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

እቴቴ ዐይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይተው እማማ ወደኛ ዞሩና ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ዝም በሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳት» አሉ። አናጢውም ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ እየተራመደ መጣና ደስ ብሎት ቆሞ አያት። እኔ ግን ልጆች ሳለን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ የእውነት ስትተኛና ስታስመስል እለያለሁ። እስከ ሥራ ሰዓቷ ድረስ እንደዚያው ዐይኗን ጨፍና፣ ነቅታ ቆየች፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።